ከኩኑ በትር እስከ ኮልፌ ጠመንጃ፤ የጠበቃው የኔልሰን ማንዴላ ሕይወት

ራስን መከላከል በሕግ መጻሕፍታችን ውስጥ ጥቂት መስመሮችን ብቻ የያዘ ጉዳይ ነው። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀምጡት መመዘኛ በመሠረቱ አንድ ነው። ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል መሆን አለበት፤ የመከላከያውም እርምጃ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ይህን አንብቦ መረዳት ለማንኛውም የሕግ ባለሞያ ቀላል ነው። በትር በተነሣበት ቅጽበት መጠኑን ለክቶ፣ ከሚገባው በላይ ሳይመቱ ራስን ማዳን እንዴት እንደሚቻል ግን ሕጉ አያስተምርም። ያ ትምህርት የሚገኘው ከሌላ ቦታ ነው።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች በዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ወደ ሐሳቤ የመጣው የአንድ ጠበቃ ሕይወት ነው። ይህ ጠበቃ በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በምንለው፣ በዚያን ጊዜ ግን የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በነበረው ቦታ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ውስጥ ጠመንጃ አነጣጥሮ መተኮስ ይማር ነበር። ስሙ ኔልሰን ማንዴላ ነው። ብዙ ሰው ማንዴላ ውጊያን የተማሩት በኮልፌ ነው ይላል። ጠመንጃውንና ፈንጂውን በተመለከተ አባባሉ እውነት ነው። የመምታትንና የመመከትን መጠን ግን ከብዙ ዓመት በፊት ተምረውት፣ ወደ ኮልፌም ይዘውት መጡ እንጂ ከኮልፌ አልወሰዱትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን መጠን ከምንጩ ጀምሮ መከታተል ነው።

ማንዴላ ሐምሌ 11 ቀን 1910 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በትራንስካይ ግዛት፣ ምቬዞ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሮሊህላህላ የሚል ሲሆን፣ ትርጉሙ የዛፍ ቅርንጫፍ መሳብ ማለት ነው፤ በተለመደው አነጋገር ግን ረባሽ ለማለት ይነገራል። ኔልሰን የሚለውን ስም ያገኙት ትምህርት ቤት በገቡበት ቀን ከአስተማሪያቸው ነው። አባታቸው የመንደሩ ባላባት የነበሩ ሲሆን፣ ከእንግሊዛዊው ሹም ጋር ተጋጭተው ሹመታቸውንና ከብታቸውን ስላጡ እናትዮዋ ሕፃኑን ይዘው ወደ ኩኑ መንደር ሄዱ።

በኩኑ የነበረው የልጅነት ኑሮ ለጎጃም ወይም ለሸዋ እረኛ ልጅ እንግዳ አይደለም። በጎችና ጥጆች ይጠብቁ፣ በወንጭፍ ወፍ ይመቱ፣ በወንዝ ይዋኙ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የኩኑ ወንድ ልጅ ሳያውቀው የማይቀረው ትምህርት የበትር ግጥሚያ ነበር። የኮሳ ሕዝብ ልጅ ሁለት በትር ይይዛል፤ በአንዱ ይመታል፣ በሁለተኛው ይመክታል። ማንዴላ በዚህ ጨዋታ የተማሩት ሦስት ነገር ነው፤ የመጣን ምት መመከት፣ በአንድ ወገን የሚመቱ አስመስሎ በሌላው መምታት፣ በፈጣን እግር ከባላጋራ መራቅ። ከሦስቱ ሁለቱ ራስን ከምት የማዳን ጥበብ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በበትር ግጥሚያ እጁን የሰጠ ወይም የወደቀ ልጅ አይመታም። ይህን የሚተላለፍ ኃይለኛ ቢሆን እንኳ በመንደሩ አይከበርም።

የእኛም አገር ባህል ይህን ያውቃል። በፈረስ ጉግስ የሚሸሸው ፈረሰኛ ፊቱን አዙሮ የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል፤ ተመልካቹም መትቶ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን መክቶ ያለፈውንም ያደንቃል። በትግልም ባላጋራውን መሬት ያስነካ አሸናፊ ነው፤ የወደቀውን መርገጥ ግን ነውር ነው። ጨዋታው ሁሉ ልጁን ለጠብ ያዘጋጀዋል፤ ጠቡ ማብቃት ያለበትንም ቦታ አብሮ ያሳየዋል።

ከኩኑ ዘመን ማንዴላ እስከ እርጅናቸው ያልረሱት አንድ ትንሽ ገጠመኝ አለ። ልጆቹ ተራ በተራ አህያ ሲጋልቡ የእርሳቸው ተራ ደረሰና ሲወጡበት አህያው ሮጦ እሾህ ውስጥ ጣላቸው። ፊታቸው ተቧጠጠ፤ ከዚያም የባሰው ጓደኞቻቸው ፊት ማፈራቸው ነበር። አህያ ያደረሰባቸው ውርደት ይህን ያህል ካቆሰላቸው፣ ሰው ሰውን ሲያዋርድ የሚደርሰው ቁስል ምን ያህል እንደሚሆን በዚያ ቀን ተረዱ። ከዚያ ወዲህ ባላጋራን ማሸነፍና ባላጋራን ማዋረድ ለየብቻ መሆናቸውን አምነው ኖሩ።

አባታቸው ሲሞቱ የቴምቡ ሕዝብ እንደራሴ የነበሩት ጆንጊንታባ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው። በክላርክበሪና በሂልድታውን ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎም በፎርት ሄር ኮሌጅ ተማሩ። ሂልድታውን ሳሉ ረዥም ርቀት ሩጫና ቦክስ ጀመሩ። በ1933 ዓ.ም. አሳዳጊያቸው ያጩላቸውን ጋብቻ ሽሽት ወደ ጆሃንስበርግ ኮበለሉ። በዚያ ያገኙት የመጀመሪያ ሥራ የወርቅ ማዕድን ማውጫ የሌሊት ዘበኝነት ነበር። የተሰጣቸውም ዕቃ የብረት ቆብ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ጫፉ እንደ ኳስ የደቦለቦለ ዱላ ነበር። የኩኑ በትር በከተማ የሥራ መሣሪያ ሆኖ እንደገና እጃቸው ገባ። ዘበኝነቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ኮብልለው መምጣታቸው ታውቆ ከሥራው ተባረሩ።

ከዚያ በኋላ በአንድ የጥብቅና ቢሮ ጸሐፊ ሆነው ሕግ መማር ጀመሩ። በ1944 ዓ.ም. ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በመሆን በጆሃንስበርግ የማንዴላና ታምቦን የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ። ቢሮው ጥቁር ጠበቃ ፍለጋ በሚመጣ ሕዝብ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሳይቀር ይሞላ ነበር። ባለጉዳዮቹ ያለ ፈቃድ በነጮች ሠፈር የተገኙ፣ የመታወቂያ ደብተር ያልያዙ፣ ከመሬታቸው የተነቀሉ ሰዎች ነበሩ።

በእነዚሁ ዓመታት ማንዴላ ማታ ማታ በኦርላንዶ በሚገኝ የሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሽ ቦክስ ይለማመዱ ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየዕለቱ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይሠሩ ነበር። ምድባቸው ከባድ ሚዛን ነበር። ጎበዝ ቦክሰኛ ነበርኩ ብለው ተመጻድቀው አያውቁም፤ የፍጥነታቸውን ጉድለት የሚሸፍን ጉልበት፣ የጉልበታቸውን ጉድለት የሚሸፍን ፍጥነት እንዳልነበራቸው ራሳቸው መስክረዋል። ከቦክስ የወደዱት መደባደቡን ሳይሆን ዕውቀቱን ነበር። ሰውነትን ለመከላከል እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱት፣ መቼ እንደሚያጠቁና መቼ እንደሚያፈገፍጉ፣ ትንፋሽን ለመጨረሻው ዙር እንዴት እንደሚቆጥቡ ያጠኑ ነበር። በዘር ተከፋፍላ በምትገዛው አገራቸው የቦክስ ሜዳው ቀለም፣ ማዕረግና ሀብት የማይጠየቅበት ቦታ መሆኑም ይማርካቸው ነበር።

እዚህ ላይ የሞያ ማኅበራት ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማንዴላ በ1944 ዓ.ም. በተካሄደው ኢፍትሐዊ ሕጎችን በሰላም የመጣስ ዘመቻ በመሪነት ተሳትፈው ስለ ተፈረደባቸው፣ በ1946 ዓ.ም. የትራንስቫል የጠበቆች ማኅበር ስማቸው ከጠበቆች መዝገብ እንዲሰረዝ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አመለከተ። ፍርድ ቤቱም ሰው ለፖለቲካ እምነቱ መታገሉ ለሞያው የማይገባ ነውር አያደርገውም ሲል ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። የገዛ ማኅበራቸው የሰነዘረውን ምት የመከቱት በሕግ ነበር።

መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በሻርፕቪል ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ። ወዲያውም የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ በሕግ ታገደ። ማመልከት፣ መሰለፍና ሥራ ማቆም ሁሉ ወንጀል ሆነ። አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ አይቻልም ወይ የሚለው የሕጋችን ጥያቄ በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በአንድ ሕዝብ ላይ የቀረበው በዚህ ጊዜ ነበር። ማንዴላና ጓዶቻቸው አይቻልም ብለው ደመደሙ። የሕዝብ ጦር የሚል ትርጉም ያለውን ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌን አቋቋሙ፤ ታኅሣሥ 7 ቀን 1954 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ፈንጂዎች በመንግሥት ተቋማት ላይ ፈነዱ።

ከዚያ በፊት በፊታቸው አራት መንገዶች እንደነበሩ ማንዴላ በኋላ ገልጸዋል። እነርሱም ንብረት ማውደም፣ የሽምቅ ውጊያ፣ ሽብርና ግልጽ አብዮት ናቸው። የመረጡት የመጀመሪያውን ነበር፤ ምክንያቱም የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ዕድል ከሁሉ ያነሰ፣ በኋላም ለእርቅ የሚተወው ቦታ ከሁሉ የሰፋ ነው። ለአባላቱም በምንም ምክንያት ሰው እንዳይገደልና እንዳይቆስል ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠ። የበትር ግጥሚያውን ልማድ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ውሳኔ እንግዳ አይሆንም።

በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ማንዴላ በስውር ከአገራቸው ወጥተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከካርቱም ሲነሡ የተሳፈሩበትን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የሚያበረው ጥቁር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ ለአፍታ መደንገጣቸውን ሳይደብቁ ተናግረዋል። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ማብረር ይችላልን ብሎ በልባቸው የጠየቀው ያደጉበት ሥርዓት መሆኑንም ወዲያው ተገነዘቡ። በአዲስ አበባው የአፍሪካ ነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ንግግር አደረጉ። ከዚያም ብዙ የአፍሪካ አገሮችንና ለንደንን ዞረው፣ በሰኔ ወር መጨረሻ ለወታደራዊ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።

ትምህርቱ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ተጀመረ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይሠለጥኑ ነበር። አሠልጣኛቸው ጣሊያንን በሽምቅ የተዋጉ ልምድ ያላቸው መቶ አለቃ ነበሩ። ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስን፣ ፈንጂ መሥራትንና ከፈንጂ ራስን መጠበቅን፣ የሞርታር አተኳኮስን ተማሩ። የኢላማ ተኩስ አንዳንዴ በኮልፌ፣ አንዳንዴም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ ሜዳ ይደረግ ነበር። ከሁሉ የወደዱት ግን ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዞ ረዥም መንገድ በተወሰነ ሰዓት መጨረስ የሚጠይቀውን ጉዞ ነበር። በእነዚያ ጉዞዎች ላይ በበሬ የሚያርሰውን፣ በቤቱ ጠላ የሚጠምቀውን ገበሬ እያዩ ኑሮው ከትውልድ መንደራቸው ኑሮ ብዙ እንደማይለይ አስተዋሉ። ለሰውየው ኮልፌ የባዕድ አገር አልነበረችም፤ እረኛው ሁሉ ዱላ ይዞ የሚወጣባት ሌላ ኩኑ ነበረች።

ማታ ማታ ስለ ጦር አመራር ያስተምሯቸው የነበሩት የፖሊስ ሠራዊት ረዳት ኮሚሽነር ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። ኮሎኔሉ በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር መፈንቅለ መንግሥቱን በማክሸፍ የታወቁ ሰው ነበሩ። ለማንዴላ የሰጡት ዋና ትምህርት የነጻነት ጦር መሪ በሥራ ሰዓት ያለ ማወላወል ማዘዝ፣ ከሥራ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል መሆን፣ እርሱ የሚበላውን መብላት እንዳለበት ነው።

ትምህርቱ ለስድስት ወር የታቀደ ቢሆንም፣ ከአገር ቤት በአስቸኳይ እንዲመለሱ ጥሪ ስለ ደረሳቸው ሳምንታት ብቻ ተምረው ተነሡ። ኮሎኔል ታደሰ በስንብታቸው ዕለት አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሸለሟቸው። የኮሎኔሉ የኋላ ዕድል አሳዛኝ ነው። የጀኔራልነት ማዕረግ ከደረሱና በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ታዋቂ ከሆኑ በኋላ በ1959 ዓ.ም. ታሠሩ፤ የተፈረደባቸው ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለወጠላቸው። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ደቀ መዝሙራቸው በዚያን ጊዜ በሮበን ደሴት ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። የተሸለሙትም ሽጉጥ በሪቮንያ በሚገኘው በሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀበረ፤ ከነጻነት በኋላ ተፈልጎ አልተገኘም። ያ ሽጉጥ በሰው ላይ አልተተኮሰም።

ማንዴላ ኮልፌን በተሰናበቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በሆዊክ ከተማ አጠገብ መኪናቸውን ፖሊስ አስቆመው። ሰውነታቸው በሥልጠና የጠነከረ፣ ሽጉጥም በመኪናው ውስጥ የነበራቸው ሰው ናቸው። ከመኪናው ዘለው ወደ ጫካው ለመሮጥ ለአፍታ አሰቡ። ከፊት ያለውን ሜዳና ከኋላ ያሉትን ፖሊሶች ብዛት መዘኑ፤ ቢሮጡ በጥይት እንደሚመቱ ተረዱ። ሽጉጡንና የማስታወሻ ደብተራቸውን በወንበሮቹ መካከል ደብቀው እጃቸውን ሰጡ። ፖሊሶቹም ሁለቱን ሳያገኟቸው ቀሩ። ሞያውን በደንብ የተማረ ሰው የማይጠቀምበትንም ጊዜ ያውቃል።

በመጀመሪያው ችሎት አምስት ዓመት ተፈረደባቸው። ቀጥሎ በተከፈተው በሪቮንያ ክስ ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ባቀረቡት የተከሳሽ ቃል በኢትዮጵያ ወታደራዊ ትምህርት መማራቸውን አልካዱም። የተከላከሉት በመካድ ሳይሆን ስለ መጠኑ በመከራከር ነበር፤ የሽምቅ ውጊያ ለወደፊት የታሰበ እንጂ የተወሰነ እንዳልነበረ ገለጹ። ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. ከሞት ይልቅ የዕድሜ ልክ እሥራት ተፈረደባቸው።

ስለ ራስን መከላከል በዚህ ሕይወት ውስጥ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን በወህኒ ቤት ባጋጠሙ ሁለት ነገሮች ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያው በግንቦት 1955 ዓ.ም. በሮበን ደሴት የሆነ ነው። ወታደሮቹ እሥረኞቹን እንደ ከብት ሊነዷቸው ሲጮኹ ማንዴላና አንድ ጓደኛቸው ሆን ብለው እርምጃቸውን አዘገዩ። ውስጥ ከገቡ በኋላ አንድ የወህኒ ቤት ሻምበል ሊመታቸው ወደ እርሳቸው ተጠጋ። ቦክሰኛው እጃቸውን አላነሡም። ቢነካቸው እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ እንደሚከሱትና ባዶ እጁን እንደሚያስቀሩት ነገሩት። በውስጣቸው ይፈሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሻምበሉ ግን ቆመ። ምላስ አጥንት ሳይኖራት አጥንት ትሰብራለች የሚለው የአገራችን ሰው ይህን ቢያይ አይደነቅም።

ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ የሆነ ነው። አንድ የወህኒ ቤት መኮንን ስለ ባለቤታቸው ክብረ ነክ ነገር ሲናገር ማንዴላ ከወንበራቸው ተነሥተው ሊመቱት ጠረጴዛውን ዞሩ። በመጨረሻው ቅጽበት ራሳቸውን ገትተው በኃይለኛ ቃል ብቻ ተናግረው ወጡ። እሥረኞቹ ይህን እንደ ድል ሊቆጥሩት ይችሉ ነበር፤ መኮንኑ ፈርቶ ዝም ብሏልና። ማንዴላ ግን እንደ ሽንፈት ቆጠሩት፤ ባላጋራው ሳይነካቸው ልጓማቸውን አስፈትቷቸዋልና። በኋላ በዚሁ ምክንያት ሲከሰሱ በጠበቃቸው አማካይነት አጸፋ ክስ አዘጋጁ፤ ክሱም ተነሣ።

እዚህ ላይ ሚዛኑን የሚያከብድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ እውነቱን መሸፈን ይሆንብኛል። አንድ ሰው በትሩን መግታት ይችላል፤ ለሌላ ያስያዘውን በትር መግታት ግን ሁልጊዜ በእጁ አይደለም። ግንቦት 12 ቀን 1975 ዓ.ም. ማንዴላ በእሥር ላይ ሳሉ፣ እርሳቸው የመሠረቱት ጦር በፕሪቶርያ በአየር ኃይል መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ያፈነዳው ቦምብ 19 ሰዎች ገደለ፤ ከ200 በላይ አቆሰለ። ብዙዎቹ መንገደኞች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. የተሠመረው መሥመር ታልፎ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን መንግሥትን ብቻ ሳይሆን ኮንግረሱንም በከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ድርጅታቸው ሪፖርቱን በፍርድ ቤት ለማሳገድ ሞከረ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት ማንዴላ ግን ሪፖርቱን ተቀበሉ። ከልክ ያለፈ መከላከል በሕግ ተጠያቂ ያደርጋል የሚለውን መርሕ በባላጋራ ላይ መጥቀስ ቀላል ነው፤ በራስ ወገን ላይ መቀበል ግን ከሁሉ የከበደው የመመከት ዓይነት ነው።

ማንዴላ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከ27 ዓመት እሥራት በኋላ ተፈቱ። ሐምሌ 30 ቀን በዚያው ዓመት ድርጅታቸው የትጥቅ ትግሉን አቆመ። ግንቦት 2 ቀን 1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከአሳሪዎቻቸው መካከል አንዳንዶቹን ለበዓለ ሢመታቸው ሲጋብዙ፣ የወደቀን የማይመታውን የኩኑን ልጅ ሥርዓት በመንግሥት ደረጃ መፈጸማቸው ነበር። ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው አረፉ፤ በኩኑም ተቀበሩ።

ዛሬ በኮልፌ የሚያልፍ ሰው በአጠና ተራ የተደረደረውን የባሕር ዛፍ እንጨት ያያል። ከዚያው እንጨት ቤት ይሠራበታል፤ ዱላም ይቆረጥበታል። እኛ የሕግ ባለሞያዎች ራሱን ተከላክሎ ሰው የጎዳ ተከሳሽ ፊታችን በቀረበ ጊዜ የምንጠይቀው ዱላው ስንት ክንድ ነበር፣ ስንት ጊዜ አረፈ የሚለውን ነው። መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተከሳሹ መመከትን፣ መራቅንና መቆምን የተማረበት ሜዳ ነበረው ወይስ አልነበረውም ብለን ብንጠይቅ፣ ልጆቻችን ትግልንና ጉግስን በሥርዓቱ እንዲማሩ ለማድረግም ብንረዳ፣ ወደ ችሎት የሚመጣው የዚህ ዓይነት ጉዳይ ቁጥር ያነሰ በሆነ ነበር የሚል እምነት አለኝ።